የቀበሌ አስራ አንድ መርዶ ነጋሪ

የአስተዳደሩ ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት ምሰሶ ጎህ ሲቀድ ይናገራል። «እንደምን አደራችሁ፣ የቀበሌ አስራ አንድ ነዋሪዎች» ይልና ቤት ለቤት በስም ይጠራል። የአሊ ሙሄን ቤት ይጠራል፤ የአሊ ሙሄ ቤት ጣሪያው ወርዶ ቁልቋል በቅሎበታል። የእማሆይ ወለተሰንበትን ቤት ይጠራል፤ እማሆይን ከቀበርናቸው ሰነባብቷል። ጠርቶ ሲያበቃ የውሃውን ተራ ያስታውቅና «ለትብብራችሁ እናመሰግናለን» ብሎ ዝም ይላል። የባዶዎቹ ቤቶች ተራ ሲደርስ ቧንቧቸው በራሱ ይከፈታል፤ ውሃው ሰው በሌለበት ደጅ ይፈሳል። በሕይወት ያለነው ባልዲያችንን ይዘን ወደ ሟቾቹ ደጅ እንሮጣለን። ለእኛ የተመደበልን ስለማይበቃን ከእነሱ ድርሻ ነው የምንኖረው።

እኔ ብርቄ እባላለሁ። የቀበሌው አገናኝ ነኝ። ምሰሶው የሚለውን ለሰው፣ ሰው የሚለውን ለአስተዳደሩ ማስረዳት ሥራዬ ነው። ሁለቱም አይሰሙኝም።

የግራርውሃ ከተማ አስተዳደር የከተማም የገጠርም ቀበሌ አለው፤ ድንበሩ አስፋልቱ ነው። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለ ሰው የከተማ አገልግሎት ያገኛል፣ ወዲህ ያለው የገጠር። መንገዱን የቀየሱት ሰዎች ቀጥ ያለ መስመር ወዳጆች ስለነበሩ የእትዬ ጦይባን ግቢ ለሁለት ሰንጥቀውታል። ቤታቸው ገጠር፣ ሽንት ቤታቸው ከተማ ሆኖ ቀረ። የከተማው ጽዳት ሽንት ቤቱን በየሳምንቱ እየመጣ ያጥባል፤ ቤታቸው ቢቃጠል ግን የሚመጣ የለም። እትዬ ጦይባ ከዚያ ሲመለሱ «ከተማ ደርሼ መጣሁ፣ ምን ላምጣላችሁ?» ይላሉ። እንስቃለን። ከመሳቅ ሌላ ምን ይደረጋል?

ከተማው ውስጥ ሞት በመልእክት ነው የሚነገረው። ስልኩ ይጮሃል፣ ሻማ ይታያል፣ ከሻማው ሥር ስም አለ። ያየው ሰው ተረድቷል ይባላል። ይህንኑ ወደ እኛ ሊያመጡት ሲሉ ያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት ሽማግሌዎቻችን እምቢ አሉ። መርዶ በማለዳ፣ በሰው አንደበት፣ ሰው ተሰብስቦ እንጂ ከኪስ አይወጣም አሉ። አስተዳደሩም ይሁን አለ። ለገጠር ቀበሌዎች የተመዘገበ መርዶ ነጋሪ ተሾመ። ነጋሪው ሦስት ሰው ባለበት ቃሉን ሲናገር የአስተዳደሩ ጆሮ ይሰማል። ጆሮው የሳሙና ያህል የመስሚያ መሣሪያ ነው፣ እኔ ነኝ ይዤው የምዞረው። እሱ ከሰማ በኋላ አስከሬኑ ይለቀቃል። ካልሰማ አይለቀቅም።

ማቆያ የሚባለውንም አገልግሎት የጠየቁት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። ድሮ ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ስልኩ አይነሳም፤ እናት ገና መርዶው ሳይደርሳት በጭንቀት ታልቃለች። ስለዚህ ሰዉ እስኪሰበሰብ የሟቹ ድምፅ ስልኩን እያነሳና እየደወለ «ደህና ነኝ» ይበል አሉ። ለአንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ለሁለት ነበር ያሰቡት። ምሕረት ነበር። ምሕረትም ቢሆን አስተዳደሩ እጅ ሲገባ መልኩ ይለወጣል፤ ማቆያው መርዶው እስኪነገር ድረስ ይሠራል፣ መርዶው ካልተነገረም መሥራቱን አይተውም።

ትርሲት አበጋዝ ክረምቱ ሊገባ ሲል ቆላ ሞተች። ከእትዬ ጦይባ ልጅ ከዘይነባ ጋር ነበር የምትሠራው፣ ማለቂያ በሌለው የፀሐይ ኃይል መስክ ላይ መስታወት ሲያጥቡ ይውላሉ። ሙቀቱ መታት። ዘይነባ አቅፋት ውሃ ልታጠጣት ስትል ውሃው በአፏ ዳር ፈሰሰ። አስከሬኗን ወደ ግራርውሃ አምጥተው ከአስፋልቱ ማዶ ማቀዝቀዣ ቤት አስገቡት። እስከ ሐምሌ መጨረሻ መርዶው ካልተነገረ አስተዳደሩ በራሱ ሜዳ ይቀብራታል፤ እዚያ መስቀልም ስምም የለም፣ ቁጥር ነው ያለው።

የቀበሌ አስራ አንድ መርዶ ነጋሪ የትርሲት አባት ጋሽ አበጋዝ ይመር ናቸው።

ጋሽ አበጋዝ በወጣትነታቸው የከብት ደላላ ነበሩ። «በሬ የሸጠ ምላስ መርዶ አያቅተውም» እያሉ በራሳቸው ይቀልዳሉ። ግን እሳቸው መርዶ ያረዱት ሰው ሲያለቅስ ብቻውን አያለቅስም፤ ይህን በገዛ እናቴ ሞት አይቼዋለሁ። ጆሮውን ይዤ አብሬያቸው መዞር ስጀምር አንድ ነገር አስተማሩኝ። «ባለሐዘኑ ማን እንደሆነ ቃሉ ሳይነገር ይታወቃል፣ ብርቄ። ሁሉም የሚያየው ሰው እሱ ነው። ስለዚህ ስትገቢ ሰው አትዪ፤ መሬት መሬቱን እዪ።»

ማታ ማታ ትርሲት ትደውልላቸው ነበር። ከሞተችም በኋላ ትደውላለች። ጋሽ አበጋዝ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ተቀምጠው ያወሩአታል። አንድ ቀን ውሃ ቀድቼ ሳልፍ ሰማኋቸው።

«ቡሬ እንዴት ሆነ፣ አባዬ?»

«ቡሬማ ጠግቦ ያገሳል። አንቺ ነሽ እንጂ የጠፋሽው።»

«እኔ ደህና ነኝ። ስለ ቡሬ ንገረኝ እስኪ።»

ነገሯት። ስለ በሬው ቀንድ፣ ስለ እግሩ፣ የአሊ ሙሄን ቁልቋል ጥሶ ስለገባበት ቀን። ስልኩን ሲዘጉ አዩኝና ፊታቸው በራ። «ልጄ ሰሞኑን እንዴት ያለች ሰው ሆነች መሰለሽ! ድሮ ‹ሥራ አለብኝ አባዬ› ብላ ትዘጋብኝ ነበር። አሁን እኔው እስክደክም ትሰማኛለች። አደገች መሰለኝ።»

መሬት መሬቱን አየሁ። ቤቴ ስገባ ባልዲውን ሳላወርድ ቆሜ አለቀስኩ።

በማግስቱ አስፋልቱን ተሻግሬ አስተዳደሩ ዘንድ ሄድኩ። በመስኮቱ ያለው ልጅ ጨዋ ነው፣ ተነስቶ ነው የተቀበለኝ።

«ሌላ ነጋሪ ስጡኝ» አልኩት።

«እህቴ፣ ከተማው ነጋሪ የለውም። ከተማው በመልእክት ነው የሚረዳው።»

«በመልእክትም ቢሆን እሺ።»

«ለገጠር ቀበሌ መልእክት አይፈቀድም። እናንተው ናችሁ እምቢ ያላችሁት።» ወደ መዝገቡ አየ። «ደግሞ ነጋሪ አላችሁ፣ አበጋዝ ይመር። በሥራ ላይ ነው ይላል።»

«የሟቿ አባት ነው።»

«አዎ፣ ተቀባይም እሱ ነው ይላል። ነጋሪ ተሞልቷል፣ ተቀባይ ተሞልቷል። ያልተሞላ ቦታ የለም። ችግሩ አልታየኝም።»

«እኔን መዝግበኝ እንግዲያ።»

«አዲስ ነጋሪ መመዝገብ ቆሟል። ቀበሌያችሁ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ከተማ ይዞራል፣ ያን ጊዜ ነጋሪ አያስፈልጋችሁም።» ይህን ሲል ፈገግ አለ፤ የምሥራች የነገረኝ መስሎታል። ልርገመው አልኩና ተውኩት። ልጁ ሞት አይቶ አያውቅም፣ ሻማ ነው የሚያየው።

ማታ እትዬ ጦይባ ማጀት ተሰበሰብን። እሳቸው፣ እኔ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የነበሩት ጋሽ ኑርዬ። ጋሽ ኑርዬ ከጋሽ አበጋዝ ጋር አብረው ነው ያረጁት።

ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ጋሽ አበጋዝ ሳያውቁ ቃሉን ይናገሩ፤ ለሌላ ሰው የሚያረዱ መስሏቸው ይናገሩ። ጆሮው ነጋሪው መናገሩን ይሰማል፣ ተቀባዩ በቦታው መኖሩን ያረጋግጣል፤ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው ግድ አይሰጠውም። ከዚያ እኛ እንነግራቸዋለን።

«ሰው በገዛ አንደበቱ የልጁን ሞት ይናገር?» አሉ ጋሽ ኑርዬ። «ወላሂ አልገባበትም። እንደ ወጉ ማልደን ሄደን እንንገረው፤ የመጣው ይምጣ።»

«እኛ ብንነግራቸው ተነገረ አይባልም፣ ጋሼ። ካወቁ በኋላ ደግሞ የትኛው አባት ነው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ‹ልጃችን አርፋለች› የሚለው? አፋቸውን የሚይዛቸው ዕንባ ነው። ትርሲት በቁጥር ትቀበራለች።»

ጋሽ ኑርዬ በመጨረሻ «እናቷ የተቀበረችው መድኃኔዓለም ነው» አሉ። «ያን ጊዜ ጉድጓዱን አብሬው ቆፍሬያለሁ። አበጋዝ ከጎኗ ቦታ ትቶ አጥሮታል። ለራሱ።»

እትዬ ጦይባ እሳቱን ቆሰቆሱና «የኔን ዘይነባን ግደሏት» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ዘይነባ ሞታለች ብላችሁ ወደኔ አምጡት። ከሷ ጋር ነበረች፣ ይመስላል። ሟርት ነው አትበሉኝ፣ ሟርት መሆኑን አውቃለሁ። አላህ ያውቅልኛል። የሰው ልጅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጣ እኔ ስለ ሟርት ላስብ?»

ወዲያው ለዘይነባ ደወሉላት። «ነገ ጠዋት የአንቺን መርዶ እንናገራለን፣ እንዳትደነግጪ» አሏት። በወዲያ በኩል ልጅቷ ስታለቅስ ይሰማል። «ተናገሩ እማ፣ ተናገሩ» ትላለች።

ለጋሽ አበጋዝ እኔ ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው ጥያቄ አላበዙም፤ «መቼ?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

ጎህ ሳይቀድ ጭቃው ውስጥ ሦስታችን ወጣን። ጋሽ አበጋዝ ለመርዶ ብቻ የሚለብሱትን ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ፊት ፊት እየሄዱ የምንሆነውን ያዙናል። «ኑርዬ፣ አንተ በስተቀኝ ሁን። ብርቄ፣ ውሃ ይዘሽ ከኋላ። ከነገርኳት በኋላ ማንም አንድ ቃል አይተንፍስ። ‹በቃ በቃ› የሚል ሰው አልወድም። ዝም ብላችሁ ያዟት።»

«እሺ» አልን።

ትንሽ ሄድን። «የሚገርመኝ ትርሲት ናት» አሉ። «ትላንት ማታ ስናወራ ስለ ዘይነባ ትንፍሽ አላለችም። አብረው አይደለም እንዴ የሚያድሩት? ሆዷ እያረረ ነው የደበቀችኝ። መርዶ ሳይነገር እንደማይወራ ከእኔ ነው የተማረችው።» ኩራት ነበረባቸው። ጋሽ ኑርዬ መንገዱን ስተው ጉድባ ውስጥ ገቡ፤ እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው። ለመመለስ ዘወር ሲሉ ክንዳቸውን ጨመቅኩት። ያን ዕለት ጠዋት ክፉ ሴት ነበርኩ፣ ዛሬም ቢሆን እዚያው መንገድ ላይ ብቆም እጨምቀዋለሁ።

የእትዬ ጦይባ በር ክፍት ነበር። መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ አበጋዝ ገብተው ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ጋሽ ኑርዬ በስተቀኝ፣ እኔ ውሃ ይዤ ከኋላ። ጆሮውን በትርሲት ስም ከፍቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ።

«እንዴት አደርሽ፣ ጦይባ።»

«አልሐምዱሊላህ። ምነው በማለዳ?»

«ቃል ይዘን መጥተን ነው።» በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። በሬ ሲሸጡ የነበሩት ሰውዬ እዚያ አልነበሩም፤ ድምፃቸው ዝግ ብሎ፣ ከሆድ ነበር የሚወጣው። «ቃሉ ከባድ ነው፤ ብቻሽን እንዳትሸከሚው ብለን ተሰብስበን መጣን። እኛ በየቤታችን ድርሻችንን አልቅሰናል፤ ላንቺ የቀረው የቀረው ነው። ልጅ ሲወለድ የጎረቤት ነው። ሲታመም የጎረቤት ነው። ሲሄድም የጎረቤት ነው። የማን ልጅ ነው ብለን አንለይም። የሰጠን ጌታ ነው፣ እሱ ሲወስድ አንቀማውም። ጦይባ፣ ልጃችን አርፋለች።»

ኪሴ ውስጥ ጆሮው አንድ ጊዜ ነዘረ።

እትዬ ጦይባ ደረታቸውን መምታት ነበረባቸው፤ እንደዚያ ተባብለን ነበር። አልመቱም። ከመደቡ ወርደው መሬት ላይ ተንበረከኩና የጋሽ አበጋዝን ሁለት ጉልበቶች አቀፉ።

«ኧረ ጦይባ፣ ተነሽ። አልቅሺ እንጂ፣ ማልቀስ ነው የሚሻልሽ» አሉ ጋሽ አበጋዝ። ጎንበስ ብለው ትከሻቸውን ያዙ። ከዚያ እርዱኝ ሊሉን ቀና አሉ።

መሬት መሬቱን ማየት ነበረብን። ስንት ጊዜ አስተምረውኛል። አልቻልኩም። ጋሽ ኑርዬም አልቻሉም።

እኔን አዩ፣ ጋሽ ኑርዬን አዩ፣ ጉልበታቸው ላይ ሆነው ወደ ላይ የሚያዩአቸውን እትዬ ጦይባን አዩ።

«ማንን ነው የምታዩት?» አሉ።

ጋሽ አበጋዝ እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ከትተው ስልካቸውን አወጡ። ትርሲት ጋ ደወሉ። ማታ ማታ ነበር የሚያወሩት፣ በጠዋት ደውለውላት አያውቁም። ሦስታችንም የሚመልሰውን ሰማነው፤ የምሰሶው ድምፅ ነበር። «የማቆያ አገልግሎቱ ተጠናቋል። ለትብብርዎ እናመሰግናለን።»

«ልጄን?» አሉ። ለእኛ አልነበረም፣ ለስልኩ ነው የጠየቁት።

ከዚያ አለቀሱ። ያን ሁሉ ሰው ሲያስለቅሱ ኖረው የእሳቸውን ለቅሶ የሰማነው ያን ቀን ነው። ጋሽ ኑርዬ በስተቀኝ ያዟቸው፤ እኔ ውሃውን እንደያዝኩ ከኋላ ቆምኩ፤ እንዳሉት ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ምሰሶው ሰዓቱ ደረሰና ከውጭ መጥራት ጀመረ። አሊ ሙሄን ጠራ። እማሆይን ጠራ። «አበጋዝ ይመር፣ ትርሲት አበጋዝ፣ እንደምን አደራችሁ» አለ። እትዬ ጦይባ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ምሰሶው ጨርሶ ዝም ካለ በኋላ ጋሽ አበጋዝ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ብርቄ።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ጆሮውን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«በማን ስም ነበር?»

«በትርሲት» አልኩ። ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ለምን እንዳደረግነው ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ቁጣም ነበረበት። ሊመቱኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢመቱኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ቃሉን አላበላሸሁትም?» አሉ።

«አላበላሹትም።»

«ተቀብሎታል?»

«ተቀብሎታል፣ ጋሼ።»

እጃቸውን እትዬ ጦይባ ራስ ላይ አሳረፉ።

«እንግዲያው ትምጣ» አሉ።

ከቀትር በኋላ መጣች። የአስተዳደሩ መኪና አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ገጠር ስለሆነ አይገባም። ሳጥኑን አውርዶ ሄደ። ዝናብ ነበር። ቃሬዛ አራት ተሸካሚ ይፈልጋል፤ ምሰሶው የሚጠራቸው ሁሉ ቢኖሩ ኖሮ ሰው ይተርፍ ነበር። ጋሽ ኑርዬ አንዱን ያዙ፣ እኔ አንዱን፣ እትዬ ጦይባ ቀሚሳቸውን ታጥቀው አንዱን። በአገራችን ባለሐዘን ቃሬዛ አይሸከምም። ጋሽ አበጋዝ ካፖርታቸውን አውልቀው ሳጥኑን አለበሱትና በራስጌ በኩል ገቡ።

መንገዱ ዳገት ነው። አላወራንም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ጋሽ አበጋዝ «አሳርፉ» አሉና አሳረፍን፤ ጉብታዋን ትንሽ አይተው «በሉ» አሉ። መድኃኔዓለም ግቢ ጋሽ ኑርዬ አጥሩን ነቀሉ። ከእናቷ ጎን፣ ጋሽ አበጋዝ ለራሳቸው በተዉት ቦታ ቀበርናት።